ዱር የገባ ውሻ ቀበሮ ይሆናል? ከአባባ ጋር ተወራርደናል፤ ፍረዱን

የመንዝ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ቤተሰቦቼ ከመሃል ሜዳ ወጣ ብላ ባለች መንደር ይኖራሉ። እኔ ሥራዬ ደብረ ብርሃን ነው። የዛሬ አራት ዓመት ገደማ አንድ ጎረቤታችን ቤቱን ዘግቶ ከተማ ሲገባ ጥቁር ሴት ውሻውን ትቷት ሄደ። መጀመሪያ በየደጁ ፍርፋሪ ትለቅም ነበር። ከዚያ ጠፋች። ቆይቶ እረኞች ከጓሳው ጥብቅ የሣር ምድር ጫፍ፣ ከቋጥኝ ሥር ወልዳ አገኟት። ልጆቿም በተራቸው ወለዱ። አሁን ስድስት ሰባት ይሆናሉ። ሰው ሲያዩ ድራሻቸው ይጠፋል። ብዙም አይጮሁም። ገና ሊደርስ ሲል የአጎቴን ሁለት ግልገሎች በሉ።

ለበዓሉ ስሄድ እሳት ዳር ተቀምጠን ይሄው ወሬ ተነሳ። አባባ "እነዚህ ውሻነታቸው ቀርቷል፤ ቀበሮ ሆነዋል" አሉ። "ውሻ ድሮ አውሬ ነበር። ሰው ሲተወው ወደ ዘሩ ይመለሳል። ዘር ከልጓም ይስባል።" እኔም የተማርኩ መስሎኝ "በሦስት ትውልድ እንዲህ አይሆንም" አልኳቸው። በሁለት ሊትር ጠጅ ተወራረድን። ቤቱ በሙሉ ከእሳቸው ጋር ነው።

የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ካሸነፍኩ ጠጁን እንካፈላለን።

ጣርማበር

ጠጁን ከአሁኑ ግዛ። ከአባቱ ጋር ተወራርዶ የጠጣ ልጅ አላየሁም።

የባዮሎጂ መምህር

ጥሩ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ ግን የትኛው ቀበሮ? አባባ ጓሳ ላይ አይጥና ፍልፈል የሚያድነውን ቀይ ቀበሮ ማለታቸው ከሆነ አንድ ነገር ይታወቅ። ቀይ ቀበሮ የውሻ አያት አይደለም። የአጎት ልጅ በለው። ውሻ የመጣው ከግራጫ ተኩላ ነው፤ እሱ ደግሞ እኛ አገር የለም። የተለያዩትም ቢያንስ ከ15,000 ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ የእናንተ ውሾች "ወደ ዘራቸው ይመለሱ" ቢባል እንኳ መንገዱ ወደ ጓሳ አይወስዳቸውም። ወደ አውሮፓና እስያ ነው የሚወስዳቸው።

ለነገሩ ጓሳ ላይ ሌላም የውሻ ወገን አለ። ሰው ቀበሮም ተኩላም የሚለው፣ ድሮ ሳይንቲስቶች ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ ያደርጉት የነበረ። ከ2011 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በወጡ የዘረመል ጥናቶች ለብቻው የቆመ የአፍሪካ ተኩላ መሆኑ ታወቀ። በዓይን አይቶ ዘር መለየት ሳይንቲስትንም ያሳስታል ለማለት ነው። አባባን በዚህ አትፍረድባቸው።

አንጎለላ

መምህር፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ቀይ ቀበሮ ባይሆኑም አውሬ ሆነዋል እኮ። ሰው ይሸሻሉ፣ ግልገል ይበላሉ፣ አይጮሁም። እናታቸው ደጅ ለደጅ የምትዞር የቤት ውሻ ነበረች። ይሄ ሁሉ በአራት ዓመት የመጣው ጂናቸው ተለውጦ ካልሆነ በምን ነው? አባትየው ትክክል ናቸው።

የባዮሎጂ መምህር

ይሄ የነገሩ እምብርት ነው። ትንሽ ልዘርዝር፤ ታገሱኝ።

ቡችላ ሰውን "የኔ ወገን ነው" ብሎ የሚቀበልበት የተወሰነ ጊዜ አለው። ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛው ገደማ። በዚያ ጊዜ ሰው ካላየ፣ ካልነካው፣ በኋላ ሰው ለእሱ ጅብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ቡችሎችን ከሰው ንክኪ ለይተው እስከ 14ኛው ሳምንት አሳደጓቸው። እንደ ዱር እንስሳ ሆነው ቀሩ። እናትና አባታቸው ለማዳ ውሾች ናቸው። ጂናቸው ያው ነው። የጠፋው አስተዳደጉ ነው።

ስለዚህ ከቋጥኝ ሥር የተወለዱት ቡችሎች ሰው የሚሸሹት ዘራቸው ስለተለወጠ አይደለም። በወቅቱ ያቀፋቸው ስላልነበረ ነው። አንዱን በአራትና በአምስት ሳምንቱ ብታገኘውና እቤት ብታሳድገው እንደማንኛውም ቡችላ ይላመድሃል። የተኩላ ግልገል ግን እንዲህ አይደለም። ዓይኑ ሳይገለጥ ወስደህ በጡጦ ብታሳድገው እንኳ ሲጎረምስ ውሻ አይሆንልህም። ልዩነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ማላመድ አንድን እንስሳ መግራት ነው። የቤት እንስሳ ማድረግ ግን ለብዙ ትውልድ ዘሩን መለወጥ ነው።

አገራችን ውስጥ ጥሩ ምሳሌ አለ፤ ጥሪኝ። ለዝባዱ ሲባል ስንት ዘመን በጎጆ ሲያዝ ኖሯል። ግን ከዱር እየተያዘ እንጂ እቤት እየተራባ አይደለም። ስለዚህ ዛሬም የዱር እንስሳ ነው። የሐረርን ጅብ ሥጋ ስለበላ ከእጅ የቤት እንስሳ አትለውም አይደል?

ሰላሌ ፈረስ

"ውሻ በበላበት ይጮሃል" የሚባለው ለዚህ ነዋ። ጥሪኝ ለማን ይጮሃል?

እኔ ግን ጥያቄ አለኝ። ስለ ቁንዱዶ ፈረሶች ሰምታችኋል? ሐረርጌ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት የሚኖሩት። የኢትዮጵያን ፈረሶች ሲመድቡ የእኛን ሰላሌ ፈረስ አንድ፣ የቁንዱዶን ሌላ አድርገው ነው የሚጽፉት። የእኛ ፈረስ ጭነትም ጉግሥም ያውቃል፤ ያኛው ኮርቻ አያውቅም። ታዲያ የቁንዱዶው የዱር ፈረስ ነው የሚባለው ወይስ የጠፋ የቤት ፈረስ?

የባዮሎጂ መምህር

የቤት ፈረስ ዘር ነው፤ ዱር የገባ። ፈረስ የቤት እንስሳ የሆነው አፍሪካ ውስጥ አይደለም። አህያ ነው የእኛው። አህያ የቤት እንስሳ የሆነችው እዚሁ በአፍሪካ ምሥራቅ፣ ከዛሬ 7,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የሚገርመው ከመንዝ ቁልቁል ሲወረድ አፋር በረሃ ውስጥ እስከ ዛሬ የዱር አህያ አለ፤ እግሩ ላይ እንደ ሜዳ አህያ ሸንተረር ያለው። ቁጥሩ በጣም ተመናምኗል። እሱ ግን የሶማሌው ዓይነት ነው። የቤት አህያችን ከእሱ አልመጣችም፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኑቢያው ወገን ነው የምትቀርበው። አህያህን ዳገት ላይ ስታባርራት ይቺን አስብ።

ሞላሌ በግ

አህያውን ተዉትና ወደ በግ ኑ። መንዝ ተነሥቶ በግ ሳይነሳ!

ዱር መግባት ለሁሉም እንስሳ እኩል አይደለም። ሜሪኖ የሚባለውን በግ ታውቃላችሁ፤ ፀጉሩ አይረግፍም፤ ሰው ካልሸለተው ያድጋል፣ ያድጋል፣ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 አውስትራሊያ ውስጥ ከመንጋው ጠፍቶ የኖረ አንድ በግ ተገኘ። ሲሸልቱት 41 ኪሎ ሱፍ ወጣው። 41 ኪሎ! ከእኛ አገር አንድ ሙሉ በግ ይበልጣል። በዚያ ፀጉር የት ይሮጣል? ከኋላው ቀበሮ እንኳ ባይኖር ሙቀቱ ይገድለዋል። እንዲህ ያለው ሰው ካልረዳው መኖር የማይችል እንስሳ ነው። ሰው ለባና ለበርኖስ ሲል የበጉን ፀጉር ጨመረ፤ ሜሪኖ ላይ ግን ልኩን አለፈ።

በሌላ በኩል ሙፍሎን የሚባሉት የኮርሲካና የሰርዲኒያ በጎች አሉ። ለረጅም ዘመን ሰው የዱር በግ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። ቀንዳቸው ትልቅ፣ ፀጉራቸው አጭር፣ ገደል ላይ የሚዘሉ። ኋላ ዘረመላቸው ሲታይ ከሺህ ዓመታት በፊት ገበሬዎች በጀልባ ወደ ደሴቶቹ የወሰዷቸው ጥንታዊ የቤት በጎች ልጆች ሆነው ተገኙ። ሱፍ ማብዛት ገና ሳይጀመር የሸሹ። ለዚህ ነው የሚያምርባቸው።

አንጎለላ

ይሄው! ወደ ጥንቱ ተመለሱ ማለት ነው። አባትየው አሸነፉ።

ሞላሌ በግ

አልተመለሱም እኮ። ድሮም ሩቅ አልሄዱም ነበር። ሱፍ ያላወጣ በግ ሱፉን ጣለ አይባልም።

የባዮሎጂ መምህር

ሞላሌ በደንብ አስቀመጥከው። ውሻም ላይ ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ዲንጎ የአውስትራሊያ ዱር ውሻ ነው፤ እዚያ ከደረሰ ከ3,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። አሚሌዝ የሚባል ስታርች የሚፈጭ ንጥረ ነገር አለ። የእሱን ጂን ተኩላ ሁለት ቅጂ ብቻ ነው የያዘው። አብዛኛው የቤት ውሻ ግን ከ4 እስከ 30 ቅጂ አለው። ምክንያቱም ከገበሬ ጋር እየኖረ የእህል ትርፍራፊ ሲበላ ኖሯል። የእኛ ውሻ በሽሮ ፍትፍትና በደረቅ እንጀራ የሚያድገው በዚህ ነው። ዲንጎ ስንት አለው? ሁለት። አንጎለላ "ይሄው ተመለሰ" ሊል ነው፤ ቆይ። ውሾች ያንን ጂን ከማብዛታቸው በፊት ከገበሬው መንገድ የተለየ ነው። እህል ያልበላ ውሻ ነው እንጂ እህል የተወ አይደለም።

ወደ ኋላ የሚመለስ መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። ግን በመጣበት አይመለስም። ሃዋይ ውስጥ ካዋይ የምትባል ደሴት አለች፤ ዶሮዋ መንገዱን ሞልቶታል። በ1982 እና በ1992 እ.ኤ.አ. የመቱ አውሎ ነፋሶች የዶሮ ቤቶችን አፍርሰው ለቀቋቸው ይባላል። የቤት ዶሮዎቹ ቀድሞ በደሴቷ ከነበሩት ከቀይ የጫካ ዶሮ ወገኖች ጋር ተዳቀሉ። ዘረመላቸው ሲጠና ምን ተገኘ? ዱር ከገቡ ወዲህ የተለወጡት የጂን ቦታዎች ባብዛኛው ዶሮ የቤት እንስሳ ስትሆን ከተለወጡት የተለዩ ናቸው። ቤት የገባችው በፊት በር፤ የወጣችው በጓሮ በር።

ጣርማበር

የጓሮ በር ያልካት ተመችታኛለች። ግን አንድም የተመለሰ የለም? አንድም?

የባዮሎጂ መምህር

አንድ የሚያስቸግር አለ፤ አልደብቅም። እንስሳ ቤት ሲገባ አንጎሉ ያንሳል። አሳማ፣ በግ፣ ውሻ፣ ሁሉም። ዱር ቢመለሱም የአንጎላቸው መጠን አይመለስም ይባል ነበር። ሚንክ የሚባል ለፀጉሩ የሚረባ ትንሽ እንስሳ አለ። እርባታ ውስጥ አንጎሉ ሩብ ያህል ቀንሷል። ፖላንድ ውስጥ ከእርባታ ያመለጡትን ለኩ፤ ጥናቱ የወጣው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። በ50 ትውልድ ውስጥ የአንጎላቸው መጠን ወደ ዱሩ ተጠግቷል። ስለዚህ "ፈጽሞ አይመለስም" የሚለውን አሁን በልበ ሙሉነት አልናገርም። ግን 50 ትውልድ ነው። የእናንተ ውሾች ሦስት ናቸው።

የባህር ዛፍ ጥላ

የሩሲያዎቹን ቀበሮ ማንም አላነሳም? ሳይቤሪያ፣ ኖቮሲቢርስክ፣ 1959 እ.ኤ.አ.። ቤልያዬቭ የሚባል የጄኔቲክስ ሰው ለፀጉራቸው የሚረቡ ብርማ ቀበሮዎችን ወስዶ፣ ሰውን ብዙ የማይፈሩትን ብቻ እየመረጠ አዳቀለ። ሉድሚላ ትሩት የምትባል ሳይንቲስት ሥራውን ለአሥርት ዓመታት ቀጠለችው። በስድስተኛው ትውልድ ጭራ የሚቆሉ፣ ሰው ሲያዩ የሚያለቃቅሱ ተገኙ። ከዚያ ጆሮ የወደቀ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ነቁጥ ያለው፣ ጭራው የተጠቀለለ። ጠባይ ብቻ መርጠው መልክ ተለወጠ!

የባዮሎጂ መምህር

ጥሩ አነሳህ። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የምነግረው ነው። አሁን ግን አንድ ማስተካከያ እጨምራለሁ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ትችት አለ። እነዚያ ቀበሮዎች ከዱር በቀጥታ የተያዙ አልነበሩም፤ ዘራቸው ከካናዳ የእርባታ ቀበሮ ነው። የነቁጡ ነገር እዚያ እርባታ ውስጥ ቀድሞም ነበር። ጠባያቸው በመምረጥ መለወጡ እውነት ነው። "ዱሩን በ10 ዓመት ቤት አስገቡት" የሚለው ግን ተጋንኗል።

ሞላሌ በግ

ስለ መምረጥ ካነሳችሁ የራሳችንን ልናገር። ገበሬ ጥሩ ጥሩውን ጠቦት ለፋሲካ ይሸጣል፤ ወይም ቀጥቅጦ ሙክት ያደርጋል። መንጋ ውስጥ የሚቀረው የከሳው፣ ገበያ ያልፈለገው ነው። አውራ ሆኖ ዘር የሚተካውም እሱ ነው። ሳናውቀው ትንንሹን ስንመርጥ ኖረናል። መንዝ ውስጥ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማኅበረሰቡ ራሱ አውራ የሚመርጥበት ሥራ ተጀመረ። ጥሩው ጠቦት ሳይሸጥ ተይዞ በጋራ ያገለግላል። የአያቴ መንጋ ቢገባበት ኖሮ እኔ ዛሬ ደሞዝተኛ አልሆንም ነበር፤ ሃሃ።

ጓሳ አስጎብኚ

ሁላችሁም ሩቅ አገር ሄዳችሁ፤ ትልቁ ነገር እኮ እዚሁ ደጃችሁ ነው።

ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲግጥ ቀይ ቀበሮ መሃሉ ይገባል። ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ አይሮጥም። ጭላዳዎቹ ዞር ብለው ያዩትና ሣራቸውን ይቀጥላሉ። ውሻ ቢሆን ገደል ለገደል ይበተኑ ነበር። ተመራማሪዎች ቆጥረው በ2015 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል። ጭላዳ መሃል ሲሆን ከመቶ 67ቱ። አይጦቹ በጭላዳው መንጋ ተሸፍኖ ሲመጣ አያዩትም ይሆናል። አንዴ አንዱ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ነጠቀ፤ መንጋው ተነስቶ አስጣለው፣ አባረረው፣ እንዳይመለስም ከለከለው። ሌሎቹ ግን ጠቦት የመሰለች ዝንጀሮ ከጎናቸው እያለች ቀላሏን አይጥ ይመርጣሉ።

ውሻና ሰውም ሲጀምሩ እንዲህ ሳይሆን አልቀረም የሚሉ አሉ። ማንም ማንንም አልያዘም፤ ዝም ብለው ተለማመዱ። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ሳያቸው የዛሬ 20,000 ዓመት የነበረ እረኛ የሆንኩ ይመስለኛል። (እረኛ አልነበረም አትበሉኝ፤ ገብቶኛል።)

የእንስሳት ሐኪም

ክሩን ሁሉ አነበብኩት። ደስ ይላል። ግን የእኔ ጭንቀት ጠጁ አይደለም።

የመንዝ ልጅ፣ እነዚያ ውሾች ጓሳ ጫፍ ላይ ናቸው ብለሃል። ክትባት አላዩም። የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን ከውሻ ነው የሚይዘው። ባሌ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያ በ2003 እና በ2008 እ.ኤ.አ. የቀይ ቀበሮውን መንጋ ጠርጎታል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው አደጋ ክልስ ነው። ባሌ ላይ ወንድ ውሻ ሴት ቀይ ቀበሮ ላይ እየወጣ ክልስ ተወልዷል፤ አፈሙዙ ያጠረ፣ ሰውነቱ የደነደነ። ውሻ ቀበሮ አይሆንም። ቀበሮው ግን በውሻ ደም ውስጥ ቀስ በቀስ ሊሟሟ ይችላል። አባባ የሚጨነቁበት ነገር በተገላቢጦሽ ነው እውነት የሆነው።

ስለዚህ ለወረዳው እንስሳት ጤናና ለጓሳ ጥበቃ ሰዎች ንገሩ። እጅ አታስገቡ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበልም ቢሆን ከክትባቱ በኋላ።

የመንዝ ልጅ

ሐኪም፣ አመሰግናለሁ፤ ለጥበቃዎቹ ነግሬያለሁ። ሌሎቻችሁም አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ለአባባ ደውዬ ዲንጎውንም ዶሮውንም አንብቤላቸዋለሁ። "የሃዋይ ዶሮ መንዝን አያውቅም" አሉኝ።

ጣርማበር

ሃሃሃ፤ ዘጉት።

የመንዝ ልጅ

(ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ወሬ አለኝ። ሐኪም፣ አትቆጡኝ፤ እኔ አይደለሁም ያደረኩት። የአክስቴ ልጅ ከእረኞቹ ጋር ሆኖ ከቋጥኙ ሥር አንድ ቡችላ አውጥቶ አመጣ። ግራጫ፣ እግሩ ነጭ፣ ጥርሱ ገና መውጣቱ ነው። የሚያውቁ ሰዎች አንድ ወር ገደማ ይሆነዋል አሉ። መጀመሪያ ቀን ከቁም ሳጥን ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። ሁለተኛ ቀን እናቴ ወተት በጣቷ አቀመሰችው። በሳምንቱ አባባ ሲቀመጡ ጋቢያቸው ውስጥ እየገባ መተኛት ጀመረ። አሁን በር ላይ ሰው ሲመጣ ይጮሃል። የሚጮኸው እንደ ቀበሮ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም የሰፈር ቡችላ ነው። ሦስት ወር ሲሞላው ክትባት ይወጋል፤ ቃል ገብቻለሁ።

የባዮሎጂ መምህር

አንድ ቡችላ ጥናት አይሆንም። ግን ያልኩት ነገር ስለሆነ ደስ ብሎኛል! ተኩላ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዕድሜው ተይዞ በሳምንት ጋቢ ውስጥ አይተኛም ነበር።

አንጎለላ

እሺ ተሸንፌያለሁ። ለአባባ ነገርካቸው?

የመንዝ ልጅ

ነገርኳቸው። ቡችላውን እያሻሹ በሙሉ ፊታቸው ሳቁ። "ዘር ከልጓም ይስባል አላልኩህም? ዘሩ ውሻ ነዋ" አሉኝ። ቅዳሜ ጠጁን ይዤ እሄዳለሁ።